ቸኮሌት ስለሚባለው ቃል መነሻና ትርጓሜ

የአንድን ነገር ስም ከየት እንደ መጣ መመርመር ለመምህር ትልቅ ጥቅም አለው። ስም ከሰው ጋራ አገር ለአገር ይዞራልና፤ መንገዱን የተከተለ ሰው የሕዝቦችን ታሪክ ያገኛል። ነገር ግን ለጆሮ ያማረ ትርጓሜ ሁሉ እውነት አይደለም። ለዚህም ቸኮሌት የሚባለው ጣፋጭ ምግብ ስም ምሳሌ ይሆነናል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቸኮሌት የሚሠራው ካካዎ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ ነው። የዛፉ የጥንት አገር የአሜሪካ ቈላ ነው። ካካዎ የሚለው ስም ጥንታዊ ለመሆኑ የታመነ ምስክር አለ፤ በጓቴማላ አገር ሪዮ አዙል በሚባል ስፍራ በ1984 ከመቃብር በወጣ የሸክላ ዕቃ ላይ የማያ ሰዎች በገዛ ፊደላቸው «ካካው» ብለው ጽፈውበት ተገኝቷል። ዕቃው 1500 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው።

በሜክሲኮ የነበሩት አዝቴኮችም ፍሬውን ቈልተው፥ ፈጭተው፥ በውሃ በጥብጠው ይጠጡት ነበር፤ እንደ ገንዘብም ይገበያዩበት ነበር። እስጳንያውያን ከ1519 እስከ 1521 ባለው ዘመን አገሩን ያዙ። ከዚያም በ1571 አሎንሶ ደ ሞሊና የሚባል መነኵሴ ናዋትል የሚባለውን የአዝቴኮች ቋንቋ መዝገበ ቃላት ባሳተመ ጊዜ፥ መጠጡን «ካካዋ አትል» ብሎ ጻፈው፤ ይህም የካካዎ ውሃ ማለት ነው። ሆሴ ደ አኮስታ በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ ግን «ቾኮላቴ» የሚለው ስም ይገኛል። እንግዲህ ይህ አዲስ ስም ከየት መጣ?

ብዙ ሰዎች «ሾኮአትል ከሚለው የናዋትል ቃል ነው፤ መራራ ውሃ ማለት ነው» ይላሉ። ነገር ግን ይህ ትርጓሜ ሦስት ጕድለት አለበት። አንደኛ፥ ቃሉ በጥንቶቹ የናዋትል መጻሕፍት አይገኝም። ሁለተኛ፥ «ሾኮክ» ማለት ኮምጣጣ እንጂ መራራ ማለት አይደለም። ሦስተኛ፥ «ሾ» ስለ ምን ወደ «ቾ» እንደ ተለወጠ በቂ ምክንያት አልተሰጠም።

ሌሎች ደግሞ በማያ ቋንቋ ትኩስ ማለት ከሆነው «ቾኮል» እና ውሃ ማለት ከሆነው «አትል» የተገጠመ ነው ይላሉ። በ2000 ሁለት የቋንቋ ሊቃውንት እንደ ጻፉት ደግሞ፥ መነሻው በአንዳንድ የናዋትል መንደሮች እስከ ዛሬ የሚነገረው «ቺኮላትል» ነው፤ ይህንም መጠጡን አረፋ እስኪያወጣ ከሚመቱበት የማማሰያ እንጨት ስም ጋራ ያያይዙታል። ከነዚህ አሳቦች አንዱም ገና ጸንቶ አልተፈረደለትም።

ስሙ ለረጅም ዘመን የመጠጥ ስም ነበረ፤ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ፍራይ የሚባለው ቤት የሚበላውን ጠጣር ቸኮሌት የሠራው በ1847 ነው። በእኛም አገር «ቸኮላታ» የሚሉ ሰዎች ቃሉን የሚጠሩት እንደ ኢጣልያኖች ነው።

ስለዚህ ተማሪ የቃል ትርጓሜ ሲጠይቅ መምህሩ ሦስት ነገር ይመርምር፤ ቃሉ በጥንት ጽሕፈት ተገኝቷልን? ትርጓሜው በዚያ ቋንቋ እውነተኛ ነውን? የድምፁስ ለውጥ ምክንያት አለውን? ምስክር ባልተገኘ ጊዜ «ገና አልታወቀም» ብሎ መመለስ ለመምህር ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም።