ከቀረጥ ነጻ የሆነው የወታደር ገበያ፤ አሠራሩና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ከአገሩ ርቆ በባዕድ ምድር የሚያገለግል ወታደር ደመወዙን የሚቀበለው በአገሩ ገንዘብ ነው፤ የለመደውም ዕቃ የአገሩ ዕቃ ነው። ይህንኑ ዕቃ ፍለጋ በሚኖርበት አገር ወደሚገኘው ገበያ ቢወጣ ግን በዋጋው ላይ ሁለት ሸክም ተጭኖ ያገኘዋል። አንደኛው ዕቃው ድንበር ሲሻገር የተከፈለው ቀረጥ ነው፤ ሁለተኛው በሽያጭ ጊዜ የሚከፈለው ታክስ ነው። ስለዚህም አንዳንድ መንግሥታት ለሠራዊታቸው ከነዚህ ሸክሞች ነጻ የሆነ ገበያ አቋቁመዋል። በአሁኑ ዘመን ይኸው ገበያ ከሱቅ መደርደሪያ አልፎ በኢንተርኔት የሚታዘዝበት ሆኗል። ገዢው ወታደር ቢሆንም፤ ከአሠራሩ አስመጪውም፣ ላኪውም፣ ባለሱቁም የሚማረው ቁም ነገር አለ።

፩ኛ፤ የገበያው አመሠራረት

በአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሐምሌ 25 ቀን 1895 ባወጣው ትእዛዝ፤ የጦር ሰፈር አዛዦች በየሰፈራቸው ለወታደሩ የሚሆን መደብር እንዲያቋቁሙ ተደረገ። ዓላማው ወታደሩ አስፈላጊ ዕቃውን በተመጣጠነ ዋጋ እንዲያገኝ ነበር። ዛሬ የምድር ጦሩንና የአየር ኃይሉን መደብሮች የሚያስተዳድረው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ ይገኛል። ከሽያጩ የሚገኘውም ትርፍ ለባለ አክሲዮን ሳይከፋፈል፤ መደብሮቹን ለማሻሻልና ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው መዝናኛና ደኅንነት ይውላል። እንግሊዞችም ለዚሁ ተመሳሳይ ተግባር ናፊ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው በ1921 ሥራ አስጀምረዋል።

ይህ ዓይነቱ ገበያ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው በአስመራ እስከ 1977 ድረስ የቆየው የአሜሪካ የጦር ሰፈር የራሱ መደብር ነበረው። ሰፈሩ ቃኘው የተባለው በኮሪያ በተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር ስም ነው።

፪ኛ፤ ነጻነቱ ከምን ነው?

አሜሪካ በመላ አገሪቱ የሚሠራበት አንድ ወጥ የሽያጭ ታክስ የላትም፤ ታክሱን የሚጥሉት ክፍላተ ሀገሮቿና ከተሞቿ ናቸው። የሠራዊቱ መደብር ግን የፌዴራሉ መንግሥት አካል ስለ ሆነ፤ ለሚገባቸው ገዢዎች ሲሸጥ ይህን ታክስ አይሰበስብም። በኢንተርኔት የሚደረገውም ሽያጭ በዚሁ ሥርዓት ይመራል። ከኅዳር 11 ቀን 2017 ጀምሮ በክብር የተሰናበቱ የቀድሞ ወታደሮች ሁሉ ማንነታቸው ከተረጋገጠ በኋላ በኢንተርኔት እንዲገዙ ተፈቅዶላቸዋል።

በባሕር ማዶ ደግሞ ነጻነቱ የሚመነጨው ከስምምነት ነው። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች ሰኔ 19 ቀን 1951 በለንደን የተፈራረሙት ስምምነት፤ ጦሩ ለራሱ ብቻ የሚያስፈልገውን ዕቃና ስንቅ በተመጣጠነ መጠን ያለ ቀረጥ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ጥቅል ዕቃም በጦሩ ፖስታ ሲላክ፤ ባሕር የሚሻገር ቢሆንም ላኪው የሚከፍለው የአገር ውስጥ የፖስታ ዋጋ ነው። ሆኖም የጉምሩክ መግለጫ መሙላት ግዴታ ነው፤ ተቀባዩ አገር የከለከለውንም ዕቃ መላክ አይቻልም። ከቀረጥ ነጻ መሆን ማለት ከሥርዓት ነጻ መሆን ማለት አይደለም።

፫ኛ፤ የደጁ ነጋዴ ድርሻ

በጦር ሰፈር አጠገብ ሱቅ ያለው ነጋዴ ከዚህ ገበያ ጋር እንዴት ሊወዳደር ይችላል? ጀርመን ለዚህ ጥያቄ ያገኘችው መልስ ሊጠና የሚገባው ነው። በዚያ አገር የሚያገለግል የአሜሪካ ወታደር ከሰፈሩ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ የተዘጋጀ ቅጽ ይዞ ወደ ጀርመናዊው ሱቅ ቢመጣ፤ 19 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይቀርለታል። ከ2,500 ዩሮ በታች ለሆነ ግዢ አንድ ዓይነት ቅጽ፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ሌላ ዓይነት ቅጽ አለ። ቅጹ መገኘት ያለበት ከግዢው በፊት ነው። ነጋዴው ታክሱን ያልሰበሰበበትን ምክንያት ለግብር መሥሪያ ቤት የሚያስረዳው በዚሁ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሌለው ነጋዴ ግን የተወውን ታክስ ከራሱ ኪስ ሊከፍል ይገደዳል።

፬ኛ፤ በስሌት የሚደረግ ስሕተት

ታክስ የተጨመረበትን ዋጋ ወደ ነጻ ዋጋ ሲመልሱ ብዙ ሰዎች ይሳሳታሉ። የታክሱ ልክ በኢትዮጵያ እንዳለው 15 በመቶ ነው እንበል። አንድ ዕቃ ታክሱን ጨምሮ 115 ብር ይሸጣል። ነጋዴው የ115 ብር 15 በመቶ ቢቀንስ 17 ብር ከ25 ሳንቲም ይቀነሳል፤ የሚቀረውም 97 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ግን 115ን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ ውጤቱም 100 ብር ነው። ስሕተቱ በአንድ ዕቃ ላይ 2 ብር ከ25 ሳንቲም ነው፤ በሺህ ዕቃ ላይ ግን 2,250 ብር ይሆናል። ትርፉ ጠባብ የሆነ ነጋዴ ይህን ያህል ጥሎ ሊቆም አይችልም።

፭ኛ፤ ነጻው ዕቃ ከመስመሩ ሲወጣ

ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ለተፈቀደለት ሰው መገልገያ እንጂ ለንግድ አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የ1951 ስምምነት ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ በተቀባዩ አገር በሽያጭም ሆነ በስጦታ እንዳይተላለፍ በመርሕ ይከለክላል፤ ማስተላለፍ የሚቻለው የአገሩ ባለሥልጣኖች በሚወስኑት ሁኔታ ነው። በኮሪያ ከጦርነቱ በኋላ ከአሜሪካ የጦር ሰፈሮች የወጣ የታሸገ ሥጋና ቋሊማ በሕዝቡ ዘንድ ተሰራጭቶ፤ «የጦር ሰፈር ወጥ» የሚባለው ምግብ እስከ ዛሬ ይበላል። የራብ ዘመን ያመጣው ይህ ታሪክ ለነጋዴ ምክንያት ሊሆን አይገባም። እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽ ገዝቶ በመደርደሪያው ላይ የሚያኖር ባለሱቅ፤ ቀረጡን ከፍሎ ያስመጣውን ወንድሙን ይጎዳል፤ ራሱም ዕቃውን የመወረስና በሕግ የመጠየቅ አደጋ ላይ ይወድቃል።

፮ኛ፤ ማጠቃለያ

የአዲስ አበባ ነጋዴ በደጁ የውጭ አገር ጦር ሰፈር የለበትም። ነገር ግን ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከደንበኞቹ መካከል ናቸው። በ1961 በቪየና የተፈረመው የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት ለዲፕሎማቶች የግል መገልገያ ዕቃ የቀረጥ ነጻነት ይሰጣል፤ በዕቃ ዋጋ ውስጥ ተጠቃልለው ከሚከፈሉት ታክሶች ግን በጠቅላላው ነጻ አያደርጋቸውም። እንግዲህ «ነጻ ነኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ነጋዴው ሦስት ነገር ሊመረምር ይገባዋል፤ ነጻነቱ ከየትኛው ታክስ ነው? የሚያረጋግጠው ወረቀት ከሽያጩ በፊት ቀርቧልን? ቅጂውስ በመዝገብ ተያይዟልን? በጥርጣሬ ጊዜ የግብር መሥሪያ ቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፤ ደንቡን ያወቀ ነጋዴ ከነጻው ገበያ ድርሻውን ሲያገኝ፤ ያላወቀው የሌላውን ታክስ ሲከፍል ይኖራል።