ይህ ቮልስ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤና በኩል፣ አሮጌ ቮልስ ሲያልፍ ዛሬም ይታያል። የመጨረሻው ቮልስ ከፋብሪካ የወጣው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ አገር ነው። ስለዚህ የሚሸጥ ቮልስ ሁሉ ዕድሜው የገፋ ነው።

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ቮልሶች ቆጣሪው 5 አኃዝ ብቻ አለው። 99,999 ከደረሰ በኋላ ከዜሮ ይጀምራል። እንግዲህ 42,000 የሚለው 142,000፣ ወይም 242,000 ሊሆን ይችላል። ሻጩ ምንም ሳያጭበረብር ነው ታዲያ! ይልቅ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ እዩ። ተልጦ ብረቱ ከታየ ብዙ ተረግጧል። አዲስ ከሆነም ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ።

የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ ጨብጣችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ መልሳችሁ ግፉት። የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ቢበዛ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸ በዓይን አይታይም። ቋ ሲል ከተሰማ ግን ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ወጪው ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ። ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ካወጣም ዘይት ይበላል ማለት ነው።

መካኒኩ የሲሊንደሮቹን ግፊት ሲለካ ቁጥሩ ቢያንስ ቶሎ አትደንግጡ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። መለኪያው በመጽሐፍ ከተጻፈው በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ዋናው ነገር የ4ቱ ሲሊንደሮች ቁጥር መቀራረቡ ነው። አንዱ ብቻ በጣም ከወረደ የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ ወይም ፋሻ ተበልቷል።