አረንጓዴው ሰውዬ ቀለም ሲቀባ

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ በቴሌቪዥን አንድ ሰውዬ ወደ አውሬ ሲለወጥ ካየ ወዲህ ብቻውን አልተኛም ብሏል። የ10 ዓመት እህቱ በዚያው ትዕይንት ሳቀች። «ውሸት እኮ ነው» ብለው አልሰማ አለኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በአሜሪካ የታየው «ዘ ኢንክሬዲብል ሀልክ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ብዙ ሕፃናትን እንዲሁ አስፈርቷል። በድራማው ውስጥ ዶክተር ባነር የተባለው ሰው ሲናደድ ዓይኑ ይለወጣል፣ ሸሚዙ ይተረተራል፤ ግዙፍና አረንጓዴ ይሆናል። ደግ ነው፣ ሰው ያድናል። ትልልቆቹ ይህን ያውቃሉ። ለትንሹ ግን ያየው መልክ ከታሪኩ ይበልጥበታል፤ የሚያውቀው ፊት ዓይኑ እያየ ጠፍቶበታል። «ውሸት ነው» የሚለው ቃል እዚያ አይደርስም።

የልጆች ፕሮግራም አዘጋጁ ፍሬድ ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1980 በተላለፈ ፕሮግራሙ ካሜራ ይዞ ወደ ድራማው ቀረጻ ቦታ ሄደ። ሀልክን የሚጫወተው ተዋናይ ሉ ፈሪኞ ወንበር ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ ቀለም ሲቀባ አሳየ። ማስረዳት ሳይሆን ማሳየት ነበር።

እርስዎም በቀን፣ በብርሃን ይሞክሩት። መስታወት ፊት ተቀምጠው ትንሽ ዱቄት በውሃ ይበጥብጡና ልጁ ራሱ ፊትዎን ይቀባ፤ መጀመሪያ አፍንጫ፣ ከዚያ ግንባር። ጭንብል አጥልቀው ድንገት ብቅ እንዳይሉበት! ማታ መብራት ይተዉለት፤ «ወንድ ልጅ አይፈራም» አይበሉት። («አያ ጅቦ መጣልህ!» እያልን ለምናስተኛም ይህ ምክር ይመለከተናል።) እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ሐኪም ያማክሩ። ዱቄቱን ሲያጥቡም ልጁ ይርዳዎት፤ ፊትዎ ተመልሶ ሲመጣ ማየት አለበት።