በበረዶ የተሸፈነውን የሚያሳይ ምልክት

ለእኛ በረዶ ሲባል ትዝ የሚለን በክረምት ዝናብ መካከል ወርዶ፥ ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ፥ ብዙም ሳይቆይ የሚቀልጠው ጠጠር ነው። በሰሜን አገሮች ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ ይወርድና ለወራት ተከምሮ ይቆያል። በዚያን ጊዜ መንገዱ፥ ቦዩና ገደሉ አንድ ነጭ ሜዳ ይመስላሉ። ታዲያ ሰው የተሸፈነውን ነገር እንዴት ያገኘዋል? ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

መጀመሪያ ኖርዌይን እንውሰድ። ሐርዳንገርቪዳ በተባለው ደጋ ላይ የሚያልፈው ቁጥር 7 አውራ ጎዳና ከባሕር ወለል በላይ 1,250 ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያ አገር በመንገዱ ግራና ቀኝ ረጃጅም ዘንጎች ይተከላሉ፤ የመኪና መብራት ሲያርፍባቸውም ያንጸባርቃሉ። በረዶ የሚጠርገው ሾፌር መንገዱ ባይታየውም ዘንጎቹን እያየ ይነዳል። ነፋሱ በረዶውን እያነሣ ዓይን ሲጋርድ ግን ዘንግ ብቻውን አይበቃም፤ ስለዚህ መኪኖች ተሰልፈው ጠራጊውን ይከተላሉ፤ ከዚያም ከባሰ መንገዱ ይዘጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ በጃፓን የሆካይዶ ደሴት ነው። እዚያ በመንገድ ዳር ከቆመ ምሰሶ ላይ ቀይና ነጭ ቀስት ወደ ታች ያመለክታል። የሚያመለክተውም መንገዱ የሚያበቃበትን ጠርዝ ነው። አጭር ምልክት ተጠርጎ በተከመረ በረዶ ሊቀበር ስለሚችል፥ ቀስቱ ከፍ ብሎ መሰቀሉ ብልሃት ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስባል። በካናዳና በሰሜናዊ አሜሪካ ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃ የሚቀዱበት ቧንቧ በየመንገዱ ዳር ቆሟል። ውኃው በብርድ እንዳይጠጥር መክፈቻው ከመሬት በታች፥ ቅዝቃዜው ከማይደርስበት ጥልቀት ላይ ይደረጋል። እንግዲህ ውኃው አለ፤ የሚጠፋው ቦታው ነው። ቧንቧው ከተቀበረ፥ ቤት እየነደደ ሠራተኞቹ በአካፋ ሲፈልጉ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ስለዚህ ቧንቧው ላይ ቀጭን ዘንግ ይታሰራል፤ አንዳንዱ ሞላ ስላለው ቢገጩትም ጎንበስ ብሎ ይነሣል። ሆኖም ዘንጉ ቦታውን ያሳያል እንጂ በረዶውን አይዝቅም፤ ስለሆነም በብዙ ከተሞች ነዋሪው ዙሪያውን እንዲጠርግ ይጠየቃል።

ከሦስቱም የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ምልክት የሚተከለው ነገሩ ሳይሸፈን መሆኑ ነው። በኋላማ መሬቱ በብርድ ድንጋይ ይሆናል፤ ቦታውም አይለይም። ምልክቱን የሚተክለው መንገዱን በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው፤ የሚጠቀምበት ግን የማያይ፥ ምናልባትም በዚያ አልፎ የማያውቅ እንግዳ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ በረዶን አስበው ባይሆንም፥ ምክሩ ለዚህም ይሠራል።