የስም ዝርዝራችን የማን ነው?



በዚህ እትም የደርስ ዓምዳችን የምናነሳው ርዕስ ከወትሮው ወጣ ያለ ነው። ስለ ግል መረጃ እንነጋገራለን። አንዳንድ ወንድሞች «ይሄ የአይቲ ተማሪዎች ጉዳይ አይደለም እንዴ?» ብለውናል። ጉዳዩ ግን ከአይቲ በፊት የነበረ ነው።

ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በር ቀዳዳ አጮልቆ ወደ ውስጥ ያይ ነበር። እሳቸው በእጃቸው ራሳቸውን የሚያኩበት ማበጠሪያ ይዘው ነበርና፣ እያየ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ዓይኑን ይወጉት እንደነበር ነገሩት፤ ማስፈቀድ የተደነገገውም ለዓይን ሲባል መሆኑን አስረዱት። ልብ በሉ፣ ሰውየው ምንም አልሰረቀም፤ እግሩንም ወደ ውስጥ አላስገባም። ጥፋቱ ማየቱ ብቻ ነው። ሱረቱ ኑር አንቀጽ 27 ሳያስፈቅዱ ሰው ቤት መግባትን፣ ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 ደግሞ መሰለልን ይከለክላሉ።

ቀዳዳው ዛሬ የት ነው? ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ተማሪ መልሱን ያውቃል። «በቴሌግራም ላኩልን» እንባላለን። የፋይዳ መታወቂያችንን፣ የባንክ ደብተራችንን፣ የሕክምና ወረቀታችንን እንልካለን። ይታተማል፣ እንከፍላለን፣ እንወጣለን። ፋይሉ እዚያው ይቀራል። የቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አጥፋልኝ ያለው ሰው ስለሌለ ነው። ስልካችንን ለጥገና ስንሰጥም የመክፈቻ ቁጥሩን አብረን ጽፈን እንሰጣለን።

አንድ ተማሪ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ወደ አውሮፓ እንሻገር። ማክስ ሽሬምስ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕግ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ፌስቡክን «ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ ስጡኝ» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ መመሪያ ላይ ነበር። 1,222 ገጽ ደረሰው። ውስጡ እሱ ራሱ ያጠፋቸው መልእክቶች ሳይቀሩ ነበሩበት! ልጁ በዚያ አላቆመም። ኩባንያው የአውሮፓ ዋና መሥሪያ ቤቱን ባደረገባት አየርላንድ አቤቱታ አቀረበ። ክርክሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የአውሮፓውያን መረጃ ወደ አሜሪካ የሚተላለፍባቸው ሁለት ስምምነቶች በ2015 እና በ2020 ተሻሩ።

በዚያው መካከል፣ ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ጂዲፒአር የሚባለው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሰው መረጃውን ሲጠይቅ በመርህ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት። ፈቃድ የሰጠ ሰው የሰጠበትን ያህል በቀላሉ መልሶ መንሳት ይችላል። ቅጣቱም ቀልድ አይደለም፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በግንቦት 2023 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል።

የእኛስ አገር? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል። ዝርዝሩ ግን ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ነው። መረጃን የማየት፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብቶች በአዋጁ ተካተዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ያ ወር ለተማሪ የማይረሳ ነው። መጋቢት 7 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩም ያልመለሱ ሰዎችን ስም፣ ቀጥሎም ፎቶ፣ ለሕዝብ ይፋ አደረገ።

ገንዘቡ የሰው ሐቅ ነው፤ መመለሱ ግዴታ በመሆኑ ላይ ክርክር የለም። ስለ ፎቶው ግን እኛው ዘንድ ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ ወገን መክፈል እየቻለ የሚያጓትት ሰው ክብሩ እንደሚነካ የሚናገረውን ሐዲስ ያነሳል። ማስረጃው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሱፍያን ይህን ሲያብራሩ፣ የተፈቀደው ባለ ገንዘቡ «አጓተተኝ» ብሎ መናገሩ ነው ብለዋል፤ ሐዲሱም የሚናገረው መክፈል ስለሚችል ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፎቶ ዕዳው ከተከፈለ በኋላም አይመለስም። የ20 ዓመት ልጅ ሥራ ሲፈልግ፣ ለትዳር ሲጠየቅ ይከተለዋል። ስለዚህ እኛ ወደ ሁለተኛው ሐሳብ እናዘነብላለን፦ ገንዘቡን በፍርድ ቤት ማስመለስ ይቻላል፣ ፊትን መለጠፍ ግን ከልኩ ያልፋል። (ይህ የእኛ አረዳድ ነው፤ የተሻለ ማስረጃ ያለው ያርመን።)

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ባንክን መውቀስ ቀላል ነውና። ጀመዓችን የአባላት ዝርዝር አለው፦ ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ዶርም፣ ስልክ። የረመዷን ኢፍጣር መዋጮ የከፈለና ያልከፈለ ተለይቶ በቴሌግራም ግሩፕ ተለቆ ያውቃል። ድጋፍ የተሰጣቸው ተማሪዎች ስም ከነስልካቸው በአንድ የኤክሴል ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይተናል። አንዲት እህት ከዚያ በኋላ ድጋፉን ትታዋለች። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ዶርም ውስጥ ሁሉም አወቀ» አለች። ሶደቃን መደበቅ በላጭ መሆኑን በየጁምዓው እየሰማን፣ ተቀባዩን በፋይል እናወጣለን።

ጂዲፒአር ውስጥ ስለ እኛ ዓይነቱ ማኅበር የተጻፈ ነገር መኖሩን ስናይ ተገርመናል። በአንቀጽ 9 መሠረት የሰው ሃይማኖት ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች አንዱ ነው። ለትርፍ ያልቆመ የሃይማኖት ማኅበር የአባላቱን መረጃ መያዝ ይችላል፤ ያለ እነሱ ፈቃድ ግን ከማኅበሩ ውጭ ማውጣት አይችልም። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም፤ ሰው ዞር ዞር ብሎ አይቶ የነገረን ወሬ አማና መሆኑን ሐዲስ አስተምሮናል። አዲስ ሰለምቴ የሆነ፣ ቤተሰቡ ገና ያልሰማ ወንድም በዝርዝራችን ውስጥ ቢኖርስ? የእሱ ስም ወጣ ማለት ከቤት መባረር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ የድጋፍ ተቀባዮች ዝርዝር በአንድ ደብተር ብቻ ይያዛል፤ የሚያዩትም ሁለት ኃላፊዎች ናቸው። የመዋጮ ዝርዝር ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። የእህቶች ፎቶ ባለቤቷ ሳትፈቅድ ቻናል ላይ አይወጣም። የቆዩት ፋይሎች በእጃችሁ ካሉ አጥፉልን፤ የላካችሁላቸውም እንዲያጠፉ ንገሩልን። ስለ ራሱ ምን እንደያዝን ማየት፣ ማሳረም ወይም ስሙን ማስወጣት የሚሻ አባል ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መዝገብ ኃላፊው ይምጣ። ምክንያት አይጠየቅም።