ስለ ምትክ መሣሪያና ስለ አስተማማኝነት

ኮምፒዩተር የሚመራበት የትእዛዝ ዝርዝር ሶፍትዌር ይባላል። ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ አንደኛው «ምን ይሥራ?» ሁለተኛው «እንዴት ያለ ይሁን?» የሚል ነው። ፍጥነት፣ ምስጢር ጠባቂነትና አስተማማኝነት በሁለተኛው ውስጥ ይገባሉ። እነዚህ ጠባያት በምኞት አይገኙም፤ ገና አወቃቀሩ ሲነደፍ ለእያንዳንዱ ተስማሚ ዘዴ ሊታሰብለት ይገባል።

ለአስተማማኝነት ከሚታወቁት ዘዴዎች አንዱ ምትክ ማዘጋጀት ነው፤ ይኸውም አንዱ መሣሪያ ሲሰናከል ሁለተኛው ሥራውን እንዲቀጥል ማድረግ ነው። ነገር ግን ምትክ ብቻውን እንደማይበቃ በአሪያን 5 ሮኬት ታሪክ ላስረዳ እወዳለሁ።

ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 4 ቀን 1996) ይህ የአውሮፓ ሮኬት ከፈረንሳይ ጊያና ለመጀመሪያ ጊዜ ተወነጨፈ። አቅጣጫውንና ፍጥነቱን የሚለኩ ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩት፤ አንዱ ሠራተኛ፣ ሌላው ተጠባባቂ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ከቀድሞው ከአሪያን 4 የተወረሰ አንድ ሶፍትዌርም ይሠራባቸው ነበር። አዲሱ ሮኬት ግን ወደ ጎን የሚሄድበት ፍጥነት ከቀድሞው ይበልጥ ነበርና፣ ሶፍትዌሩ ከ32,767 በላይ በማይዝ ቦታ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ሊያስገባ ሞከረ። በዚህ ጊዜ ተጠባባቂው አስቀድሞ ቆመ፤ ሠራተኛውም በዚያው ምክንያት ወዲያው ተከተለው። የሮኬቱ መሪ ኮምፒዩተር የመጣለትን የስሕተት ማስታወቂያ እንደ እውነተኛ ልክ ቆጥሮ ሮኬቱን ከመንገዱ አወጣው፤ ጉዞው በተጀመረ በ40 ሴኮንድ ገደማ ሮኬቱ ተሰባብሮ ፈነዳ። ሰው አልነበረበትም፤ የተሸከማቸው አራት ሳተላይቶች ግን ጠፉ።

ምትኩ ስለ ምን አላዳነም? ሁለተኛው መሣሪያ የተቀመጠው ዕቃ በድንገት ቢበላሽ ተብሎ ነው። የመጣው ጉዳት ግን የዕቃ ብልሽት ሳይሆን የሐሳብ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም በሁለቱ ውስጥ አብሮ ተቀምጦ ነበር። ውሃ ከገባበት ቆርቆሮ በተቀዳ ላምባ ሁለት ፋኖስ ቢሞሉ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው አያበራም። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት የሚስማማው ዘዴ ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ልኩን መመርመር፣ ከልክ ቢያልፍም ፈጽሞ ከመቆም ይልቅ የሚቻለውን ግምት መስጠት ነው። ይልቁንም ያ ስሌት ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ የማያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ከእኛ መካከል ነገ ለሆስፒታል ወይም ለባንክ ሶፍትዌር የሚሠራ ቢኖር፣ «ምትክ አለኝ» ብሎ ከመተኛቱ በፊት «የምፈራው ጉዳት የትኛው ነው? ያዘጋጀሁት ዘዴስ ያንኑ ጉዳት ይመልሳልን?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ አሳስባለሁ።