ጥድዎ መድረቅ ሲጀምር፦ መጋዝ ከመግባቱ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የጥድ ቅጠል መቅላት ሲጀምር ቀድሞ የሚደርሰው የደን ባለሙያ ሳይሆን ግንድ ገዢ ነው። «ጨርሶ ሳይደርቅ፣ ዋጋውም ሳይወርድ ይሽጡልኝ» ይላል። ባለቤቱ ይደነግጣል። ዛፉ ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከሆነ ሰበካ ጉባኤው፣ በትምህርት ቤት ግቢ ከሆነ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይስማማል። ከዚያ ግንዱ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው ጉቶና የተረገጠ መሬት ነው።

መቁረጥ ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም። ስሕተቱ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ የቀላውን ጫፍ እያየ መወሰኑ ነው። መታየት ያለበት ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ነው። ወፍ ዘራሽ ችግኝ በቅሏል ወይስ አልበቀለም? ደኑ ራሱን ሊተካ የተዘጋጀ ከሆነ መጋዙ ያንን ተተኪ ነው የሚያጠፋው። ካልተዘጋጀ ደግሞ ዛፉን ዝም ብሎ ማቆየት ብቻውን ደን አያመጣም።

ያደረቀው ማን እንደሆነ ይለዩ

በዓይንዎ ትይዩ ያለ ቅርንጫፍ ይያዙ፤ ቅጠሉን በጣትዎ ገለጥ አድርገው ወደ እንጨትነት የተለወጠውን ክፍል ይመልከቱ። ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ቡናማ፣ ሆዳቸው ክብ ያለ ነፍሳት ቅርፊቱ ላይ ተጠጋግተው ተለጥፈው ካገኙ የጥድ ክሽክሽ ነው። መዳፍዎ ይጣበቃል፤ ክሽክሹ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል። ይህን ፈሳሽ ፍለጋ ጉንዳን ግንዱ ላይ ይመላለሳል፤ ቅጠሉ ላይም ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል። መድረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ፣ ከግንዱ አጠገብ ይጀምርና ወደ ውጭ ይሰፋል። ክሽክሹ ጭማቂ ከመምጠጡ በላይ የሚተፋው ምራቅ ለዛፉ መርዝ ነው፤ ትንሽ መንጋ ትልቅ ቅርንጫፍ የሚያደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትወልድ ቁጥራቸው በአጭር ጊዜ ይበዛል፤ በተለይ ዝናብ በራቀበት ወቅት።

ይህ ተባይ ለአፍሪካ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፣ በ1990 ኬንያ ደረሰ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ኢትዮጵያ ገባ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአህጉሩ የገደላቸው ዛፎች ዋጋ ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። በተለይ የሚያጠቃው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣውን የፈረንጅ ጥድ ነው፤ የሀበሻ ጥድንም አይምርም። የኬንያ ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። ኬንያውያን መጀመሪያ በብዛት የተከሉት ሌላ የፈረንጅ ጥድ ዝርያ ነበር። እሱን ግንድ የሚያቆስል የፈንገስ በሽታ ሲጎዳው ዛሬ እኛም የምናውቀውን የፈረንጅ ጥድ በሰፊው ተከሉ። ከዚያ ክሽክሹ መጣ። አንዱን ነጠላ ዛፍ በሌላ ነጠላ ዛፍ መተካት ለሚቀጥለው ተባይ ማዕድ ማቅረብ ነው።

የደረቀ ጥድ ሁሉ ግን በክሽክሽ አልደረቀም። ግንዱ ተሰንጥቆ ሙጫ የሚያነባ ከሆነ ፈንገስ ይጠርጥሩ። ነፍሳትም ሙጫም ሳይኖር አፈሩ በሳሳበት ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ያሉት ብቻ ከጫፍ ከደረቁ ጥማት ነው። በሳዑዲ አረቢያ የአሲር ተራሮች የቆመው ጥድ ከእኛው የሀበሻ ጥድ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ እዚያ በደረቁና ዝቅ ባለው ከፍታ ላይ ያለው ጥድ ለዓመታት ሲደርቅ ቆይቷል። ጥማት ላደረቀው ዛፍ የነፍሳት መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ግማሽ የቀላ ዛፍ አልሞተም። አንድ ክረምት ይለፈውና አዲስ ለምለም ጫፍ ማውጣቱን አይተው ይፍረዱበት።

የደረቀውን መቁረጥ ክሽክሹን አያጠፋም

«በሽታው እንዳይዛመት ቶሎ ይቆረጥ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይበጃል። በአውሮፓ ስፕሩስ የሚባለውን ዛፍ የሚገድለው ጥንዚዛ የሚራባው ከቅርፊት ሥር ነው። ልጆቹ ከመብረራቸው በፊት ግንዱን ቆርጦ ማውጣት እዚያ ትርጉም አለው። ክሽክሽ ግን የሚኖረው በሕያው ዛፍ ጭማቂ ነው፤ ዛፉ ሲሞት ምግቡ ያልቃል፣ ባለ ክንፎቹም ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳሉ። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ጥድ ውስጥ የሚያሳድዱት ክሽክሽ የለም። ይልቅ የሚያዛምተው ለምለም ቅርንጫፍ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ነው፤ ለገና በየመንገዱ የሚሸጠውም ጥድ ቢሆን።

በዚያው በአውሮፓም ቢሆን ሁልጊዜ አልቆረጡም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የጀርመኑ የባቫሪያ ደን ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1983 አውሎ ነፋስ የጣላቸውን ዛፎች በውስጠኛው ክልል እንደወደቁ ተዋቸው። ጥንዚዛው ተራባ፤ በ1990ዎቹ በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ያለ አሮጌ ስፕሩስ ሞተ፣ የአካባቢው ሕዝብም ክፉኛ ተቆጣ። ዛሬ በእነዚያ ግራጫ ግንዶች መካከል ማንም ያልተከለው ወጣት ደን ቆሟል። ልዩነቱን ግን አይርሱ፤ እዚያ ፍየል አይሰማራም።

ጥድ አያቆጠቁጥም

ባሕር ዛፍ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ተነሥቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ይሰጣል። የፈረንጁም የሀበሻውም ጥድ ግን ተቆርጦ ከጉቶው አይነሣም። ከቆረጡት ተተኪው ከዘር ወይም ከችግኝ ጣቢያ መምጣት አለበት።

ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር

አሁን ዋናው ሥራ ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። 8 ሜትር ገመድ ይውሰዱና ጫፍና ጫፉን ቋጥረው በአራት ችካል ጎኑ 2 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ያድርጉት። በደኑ ውስጥ እየተዘዋወሩ አሥር ቦታ ላይ ያንጥፉት። ቦታውን አይምረጡ፤ ሰው ሳያውቀው ወደ ለምለሙ ያደላል። ሃያ እርምጃ ቆጥረው በቆሙበት ያንጥፉ።

በየአራት ማዕዘኑ ውስጥ ከጉልበት በላይ የደረሱትን ብቻ ይቁጠሩ። በክረምት ብቅ ያለው ጣት የማያክል ችግኝ ደስ ይላል፤ ብዙው ግን የመጀመሪያውን በጋ አይሻገርም፣ ስለዚህ አይቁጠሩት። ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ አራት ማዕዘን አንድ ጤነኛ ችግኝ ማለት በሄክታር 2,500 ማለት ነው፤ በእጅ ሁለት ሜትር እያራራቁ ቢተክሉ የሚያገኙት ቁጥር ይኸው ነው። ከአሥሩ በስድስት ሰባቱ ውስጥ ካገኙ ደኑ ተተክቷል፤ ያለዎት ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። በሁለት በሦስቱ ብቻ ከሆነ ባዶ ቦታውን መሙላት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የበቀለው ምን እንደሆነ ይመልከቱ። ሕፃን የሀበሻ ጥድ ቅጠሉ እንደ መርፌ ነው፤ ሲነኩት ይወጋል፣ ሲያድግ ግን ወደ ቅርፊት መሰል ልስልስ ቅጠል ይለወጣል። ዝግባ ረዘም ያለና ጠፍጣፋ ቅጠል አለው። የፈረንጅ ጥድ ራሱም ዘሩን አራግፎ ይበቅላል፤ ብቻውን ከወረሰው ግን ክሽክሹ ተመልሶ የሚመጣበት ደን ነው።

የፈረንጅ ጥድ ሥር ምንም አይበቅልም የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ጥቅጥቅ ብሎ ፀሐይ ከከለከለ አዎን፣ ሥሩ ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ፈየራ ሰንበታና ደመል ተክታይ በመናገሻ ሱባና በሙኔሳ ሻሸመኔ ደኖች ባደረጉት ጥናት በተተከሉ የውጭ ዛፎች ጥላ ሥር ብዙ ዓይነት አገር በቀል ዛፍ በራሱ እየበቀለ አግኝተዋል። የውጭው ዛፍ ለአገሬው ሞግዚት ሆኖለታል። ክሽክሹ አልፎ አልፎ ዛፍ ሲገድል ብርሃን ይገባል፤ ይህም ከደኑ አንጻር ሁሉ ክፉ አይደለም። የሀበሻ ጥድ ችግኝ ብርሃን ይወዳል፣ በእናቱ ጥቅጥቅ ጥላ ሥር አይሆንለትም። ዝግባ ደግሞ ጥላ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ቆርጠው ካራቆቱት ግን ጥላ የለመደው ይቃጠላል፤ ሣርና የወፍ ቆሎም ቦታውን ይቀድማሉ።

ዘር ከየት ይመጣል?

የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ አይቆይም። በአቅራቢያው ፍሬ የሚሰጥ ወላጅ ከሌለ ተስፋው ጠባብ ነው። የሀበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ሰማያዊ ጥቁር ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። ሲያሳሱ ወንዶቹን ብቻ ወይም ሴቶቹን ብቻ አስቀርተው እንዳይገኙ ቀድመው ምልክት ያድርጉባቸው። ፍሬውን በልተው የሚዘሩት ወፎች ናቸው፤ ወፍ ደግሞ ማረፊያ ትሻለች። የደረቀ ግንድ ቆሞ መቅረቱ ለዚህም ይጠቅማል። ቤት፣ መቃብር ቦታና የሰው መተላለፊያ ላይ ያዘነበለውን ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ያስወግዱ፤ የበጋ እሳትም እንዳይነሣ ከግቢው ዳር የወደቀውን ጭራሮ ያጽዱ።

ከብቱን ማስቀረት ይችላሉ?

ይህን ካልቻሉ ከላይ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነው። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በሰሜኑ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከብት እንዳይገባ በታጠረና ባልታጠረ ቦታ ያለውን ችግኝ አነጻጽሯል፤ የአጥሩ ጥቅም በግልጽ ታይቷል። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ከየማሳው በተለቀመ ድንጋይ የካብ አጥር የሠሩትም ለዚህ ነው። ክሽክሽ አሮጌውን ዛፍ ይገድላል፤ ፍየል ግን የሚተካውን ትበላለች፣ ከሁለቱ የከፋችውም ፍየሏ ናት።

መድኃኒትና ሕግ

በግቢ አጥርነት ለተተከለ ጥድ በባለሙያ ምክር መድኃኒት መርጨት ይቻል ይሆናል። ሠላሳ ሜትር ቁመት ያለውን ደን መርጨት ግን የማይሆን ነገር ነው፤ ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ንቦችንም ይፈጃል። በማላዊ፣ በኬንያና በዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሞከረው ዘዴ ሌላ ነው፤ ክሽክሹ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ትንሽ ተርብ አምጥቶ መልቀቅ። ይህ የመንግሥት እንጂ የግለሰብ ሥራ አይደለም።

የሀበሻ ጥድ ሲሆን ደግሞ የእርስዎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ከመቁረጥም ከማጓጓዝም በፊት የወረዳውን ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ። የገዢው «እኔ እጨርሳለሁ» ማለት ለእርስዎ ዋስትና አይሆንም።

ገንዘቡ የግድ የሚያስፈልግዎ ከሆነም ነገሩን አልሸፍንም። የፈረንጅ ጥድ በ25 ዓመት ገደማ ለጣውላ ይደርሳል፤ የሀበሻ ጥድና ዝግባ ያን አይሰጡዎትም። ስለዚህ አሥሩን ቦታ ቆጥረው ባዶ ካገኙት፣ ወላጅ ዛፍም በአቅራቢያው ከሌለ ይቁረጡና ይትከሉ፤ ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ዛፍ አሰባጥረው። ችግኝ ካገኙ ደግሞ ለገዢው የሚሸጡለትን ዛፍ አንድ በአንድ ቀለም ይቀቡለት፣ የሚጎተትበትን መንገድ እርስዎ ይምረጡለት፣ ለሚያጠፋው ችግኝ የሚከፍለውንም ውሉ ላይ ያስፍሩ።